ቀለብ ሲባል የቤት ኪራይም ጭምር ነው

የጠያቂዋ ደብዳቤ ረጅም ነው። ፍሬ ነገሩን ብቻ ላስቀምጥ።

«ከባለቤቴ ጋር ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖረናል። የ8 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ከተለያየን ሁለት ወር ሆነን። ልጆቼን ይዤ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ፣ እህቴ ጋ ነው ያለሁት፤ እሷም አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ቤታችንን የሠራነው በማህበር በተሰጠ ቦታ ላይ ነው። ዋናው ቤት አላለቀም፣ ከኋላ ባለው ሰርቪስ ነበር የምንኖረው። ካርታው በእሱ ስም ነው። ‹በገዛ እግርሽ ወጥተሻል፣ ቤቱ የእኔ ነው› ይለኛል። ሽማግሌዎች እስከ ፋሲካ ታገሺ አሉኝ። ቀበሌ ሄጄ የቀበሌ ቤት ብጠይቅ የለም ተባልኩ። እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ ነበር የምተዳደረው፤ ምጣዴም እዚያው ቀርቷል። ቤት ከማን ነው የምጠይቀው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። አሁን ቤት የምትጠይቂው ከፍርድ ቤት ነው። ቀበሌ ለሌላ ጉዳይ ያስፈልግሻል፣ እመለስበታለሁ። ብዙ ሴቶች ፍርድ ቤትን የሚያስቡት ለፍቺና ለንብረት ክፍፍል ብቻ ነው። «ቤቱ ሲከፈል ድርሻዬን ወስጄ እከራያለሁ» ብለው ይጠብቃሉ። ክፍፍሉ ደግሞ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ይግባኝ ከተጨመረበትማ ተዪው። እስከዚያ ልጆቹ የት ይደሩ? ለዚህ ሕጉ መልስ አለው። የጠፋው የሚጠይቀው ሰው ነው።

ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጆቿን ወጪ በደብተር ቅጠል ላይ ጽፋ አመጣችልኝ። ጤፍ፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የትምህርት ቤት፣ የባጃጅ፣ የልጅቷ የፀጉር ቅባት ሳይቀር። በእርሳስ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ደምራ ከድምሩ ሥር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ኪራይ ግን የለበትም። «ኪራዩስ?» አልኳት። «የምጠይቀው ቀለብ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ለካ ጉድ ያደረጋት ቃሉ ነው። ቀለብ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ጆንያ ነው። ሕጉ ሲጠቀምበት ግን ሰፊ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 197 ቀለብ ሰጪ የሆነ ሰው ምግብን ብቻ ሳይሆን መኖሪያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ጭምር እንዲያሟላ ያዛል። እኛ አማራ ክልል የራሳችን የቤተሰብ ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ይባላል። ያንቺ ጉዳይ የሚታየው በዚህኛው ነው። ከዚህ በታች በምናወራቸው ነገሮች የሁለቱ ሕጎች መሠረት አንድ ነው፤ የአንቀጽ ቁጥራቸው ስለሚለያይ ብቻ አቤቱታሽ ላይ የክልሉን አስጠቅሺ። እዚህ እኔ የምጠራልሽ የፌዴራሉን ቁጥር ነው።

ስለዚህ የወጪ ዝርዝርሽን ስትጽፊ ኪራይን ከላይ አድርጊው። እህትሽ ዛሬ በነፃ ብታስጠጋሽም ጻፊው። «እህቷ ጋ ትኖር የለም ወይ?» የሚል ክርክር ከመጣ፣ ልጆቹን የማኖር ግዴታ ያለበት አባታቸው እንጂ አክስታቸው እንዳልሆነች መልሺ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። የፍቺ አቤቱታ የቀረበለት ፍርድ ቤት ፍቺውን እስኪወስን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ልጆቹ ማን ጋ እንደሚቆዩና ስለ ቀለባቸው፣ ስለ ንብረቱም አያያዝ ወዲያውኑ ጊዜያዊ ትዕዛዝ መስጠት አለበት። ተለያይታችሁ መቆየት ካለባችሁም ከጋራ መኖሪያችሁ ለጊዜው ማን ይውጣ የሚለውን የልጆቹን ጥቅምና የሁለታችሁን ሁኔታ አይቶ ይወስናል። በፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 82 ላይ ነው ያለው። ይሄ ነገር የሚጠቅመው ግን ስትጠይቂው ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ብዙዎቹ የፍቺ አቤቱታን ከኮምፒውተራቸው አውጥተው ስም ብቻ ቀይረው ያትማሉ። እዚያ ውስጥ «ጋብቻችን በፍቺ እንዲፈርስ፣ የጋራ ንብረት እንዲከፈል» የሚል አለ። ጊዜያዊ ትዕዛዝ የሚል መስመር ግን ብዙ ጊዜ አታገኚበትም። አልፈርድባቸውም፤ የሚከፈላቸው በገጽ ነው።

ይህን ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ለሚጽፍልሽ ሰው ስጪው፦

«ዋናው ክርክር እስኪያልቅ ድረስ ልጆቻችን እኔ ጋ እንዲቆዩ፤ እኔና ልጆቼ በጋራ መኖሪያ ቤታችን እንድንኖር፣ ተጠሪ ለጊዜው ቤቱን እንዲለቅ፤ ይህ የማይሆን ከሆነ በአማራጭ ተጠሪ ለልጆቹ ቀለብና ለመኖሪያ ቤት ኪራይ በየወሩ ይህን ያህል ብር እንዲከፍል፤ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ በዋስትና እንዳይያዝ ዕግድ እንዲሰጥ።»

«ተጠሪ» የተባለው ባልሽ ነው። «በአማራጭ» የምትለዋን ቃል እንዳትዘለል አድርጊ። ዳኛው የመጀመሪያውን ባይቀበሉ ሁለተኛው ላይ ይሄዳሉ። አንዱን ብቻ ጠይቀሽ ውድቅ ከተደረገ ባዶ እጅሽን ነው የምትወጪው።

የትኛው ይሻላል ካልሽኝ፣ እኔ ልጆች ካሉ ወደ ቤት መመለሱን እመርጣለሁ። ትምህርት ቤታቸው እዚያው ነው፣ ጎረቤቱ ያውቃቸዋል፣ ደንበኞችሽም ያሉት እዚያ ነው። ነገር ግን አንድ የማልወደው መፍትሔ አለ። ዋናው ቤት ግማሽ ያለቀ ከሆነ «እሱ እዚያ ይግባ፣ አንቺ ሰርቪሱን ያዢ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ከሽማግሌም ሊመጣ ይችላል፣ ከችሎትም። በአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ የግቢ በር የተለያዩ ባልና ሚስት ሰላም ሆነው ሲኖሩ እኔ አላየሁም። ማታ በሩን ማን ቆለፈው፣ ውሃውን ማን ጨረሰው እየተባለ ጉዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል። እጁን የሚያነሳ ሰው ከሆነማ ጨርሶ እንዳትስማሚ። ከዚያ ይልቅ ኪራዩን ይክፈል።

ደብዳቤሽ ላይ ስለ ድብደባ ምንም አልጻፍሽም። የዘለልሽው ካለ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መታሽ ወይም ዛተብሽ ከሆነ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ያለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ነው የምትሄጂው። ጉዳት ካለም ሆስፒታል ሄደሽ የሕክምና ማስረጃ ያዢ። የተጎጂ ሴቶች ማቆያ መጠለያም የሚገኘው በዚህ መስመር፣ በፖሊስና በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ በኩል ነው። በር አንኳኩቶ የሚገባበት ቤት አይደለም፤ ቦታውም ለደኅንነት ሲባል አይነገርም።

ወደ «በገዛ እግርሽ ወጥተሻል» እንምጣ። ይሄ የኩርፊያ ሕግ ነው፤ መጽሐፍ ላይ የለም። ቤት ለቆ መውጣት የጋራ ንብረት ድርሻን አያሳጣም። ሁለት ወርም ሆነ ሁለት ዓመት። መዘግየት የሚጎዳሽ በሌላ በኩል ነው። ማስረጃ ይጠፋል፣ ዕቃ ይወጣል፣ ልጆቹ አዲሱን ኑሮ ይለምዳሉ። «ይኼው ሲኖሩ ነበር፣ ምን ጎደላቸው?» ለሚለው ክርክር ራስሽ መንገድ ትጠርጊለታለሽ።

ካርታው በእሱ ስም መሆኑም እንቅልፍ አይንሳሽ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የፌዴራሉ አንቀጽ 63 ይህን ነው የሚለው። ስለዚህ የማስረዳቱ ሸክም እሱ ላይ ነው። የግል የሚሆነው ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ወይም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው ነው። በገጠር እንኳ፣ ጣና ዳር ባሉት ወረዳዎች፣ የመሬት ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎ ነው የምታዪው። ከተማ ላይ ግን ካርታው አንድ ስም ብቻ ይዞ ይወጣና ሴቷ መብት የሌላት ይመስላታል።

ያንቺ ቦታ የማህበር መሆኑ ጥያቄውን ትንሽ ያጠብበዋል። ወሳኙ ቀን ነው። ማህበሩ የተደራጀበት፣ በዝግ ሂሳብ፣ ማለትም እንደልብ በማይወጣበት የባንክ ሂሳብ፣ ገንዘብ የገባበት፣ ቦታው የተሰጠበትና የተጋባችሁበት ቀን። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖራችሁ ማህበሩ የተደራጀው ከዚያ በኋላ ከሆነ ብዙ የሚያከራክር አይኖርም። ከጋብቻ በፊት ያገኘው ቦታ ላይ ቤቱን አብራችሁ ከሠራችሁት ክርክሩ ይወሳሰባል፤ ያኔ ለግንባታው ምን እንዳወጣሽ ማሳየት አለብሽ። የብሎኬት፣ የቆርቆሮ፣ የሲሚንቶ ደረሰኝ። ደረሰኝ ባይኖር የግንበኛው ምስክርነት። እቁብ ደርሶሽ ለጣሪያ የሰጠሽው ካለ የእቁቡ ጸሐፊ ደብተር ላይ ስምሽና ቀኑ አለ፤ ፎቶ አንሺው። የእንጀራ ሽያጭሽም የጋራ ገቢ ነው። «እኔ ደመወዝ አመጣለሁ፣ አንቺ ምን አለሽ?» የሚል ሰው ፊት ይህን ለመናገር አትፈሪ።

እዚህ ላይ አንድ የከተማችንን ገመና ልናገር። ቦታ ለማግኘት ሲሉ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ አውጥተው የተመዘገቡ ባለትዳሮች አሉ። ሁለት ቦታ ለማግኘት ብለው ለወረቀት የተፋቱም አሉ፤ በሐሰት ተፋትተው በእውነት የተለያዩ። እናንተ እዚህ ውስጥ ከሌላችሁበት እሰየው። ካላችሁበት ግን ለጠበቃሽ በመጀመሪያው ቀን ንገሪው። ፍርድ ቤት ቀርቦ ከተቃራኒ ወገን አፍ ሲሰማው ነው ጠበቃ የሚደነግጠው። የፍቺ ወረቀት ካለ አቤቱታሽም የሚጻፈው በሌላ መንገድ ነው።

ዕግዱን በተመለከተ፣ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት ሊሸጥ አይችልም። ግን ካርታው በአንድ ስም ከሆነ ገዢው አንቺን አያውቅሽም። ተሸጦ ካገኘሽው ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችያለሽ፤ በፌዴራሉ ሕግ ሽያጩን ባወቅሽ በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ግን ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ሳያልፍ። ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀር አንድ ወረቀት አለ። ፍርድ ቤቱ ዕግድ ሲሰጥ ትዕዛዙን ራስሽ ተቀብለሽ ይዞታውን ለሚያስተዳድረው የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት አስገቢ፤ የገቢ ቁጥሩን ጻፊ። ዕግድ አውጥተው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት የዞሩ አጋጥመውኛል። ፋይሉ ላይ ያልደረሰ ዕግድ ማንንም አያግድም።

ገንዘብ የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ። ለዳኝነት መክፈል ለማይችል ሰው «በደሃ ደንብ» መክሰስ የሚባል አለ። ቀበሌ የሚያስፈልግሽ እዚህ ጋ ነው። አቅም እንደሌለሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ትጠይቂያለሽ። ጠበቃ ለማግኘት ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርም ከተማችን ውስጥ ቅርንጫፍ አለው። ሁለቱም ጋ ወረፋ አለ፤ በጠዋት ሂጂ። ክረምት ከገባና ፍርድ ቤቱ ለእረፍት ከተዘጋም የቀለብ ጉዳይ አስቸኳይ ስለሆነ ተረኛ ችሎት ይኖራል።

የቀበሌ ቤቱን ነገር በግልጽ ልንገርሽ፤ ተስፋ አድርገሽ አትቀመጪ። እነዚያ ቤቶች አብዛኞቹ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት የመጡ ናቸው። አርጅተዋል፣ አንዳንዱም በመልሶ ማልማት ፈርሷል። አንድ ክፍት እስኪገኝ ስንት ሰው ተመዝግቦ ይጠብቃል። ማመልከቻሽን ግን በጽሑፍ አስገቢና ቁጥር ተቀበይ። «የለም» የተባልሽው በቃል ከሆነ ጠይቀሽ አታውቂም ማለት ነው። በዚያው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ክፍል ጎራ በይ፣ የከተማ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጥ ድጋፍ) ምዝገባ ካለም ስምሽን አስይዢ። መታወቂያሽን ወደ እህትሽ ቀበሌ ለማዛወር መሸኛ ልታወጪ ካሰብሽ ደግሞ አትቸኩዪ። መጀመሪያ በባልሽ ቤት ፋይል ላይ ሚስት ተብለሽ የተመዘገብሽበትን ማስረጃ ኮፒ አውጪ። የጋብቻ የምስክር ወረቀት ከሌለሽ፣ በሽማግሌ ብቻ የተጋባችሁ ከሆነ፣ ያ ወረቀት ወርቅ ነው።

ሽማግሌዎቹን አላጣጥልም። ዕርቅ ከመጣ እሰየው፣ ፍርድ ቤቱም ራሱ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል። ግን «እስከ ፋሲካ ታገሺ» ሲሉ እስከ ፋሲካ ኪራዩን ማን ይክፈል? ይህን ጠይቂያቸው። አሳፋሪ ጥያቄ አይደለም። እናንተ ስታስታርቁን እሱ በየወሩ ለልጆቹ ይህን ያህል ይላክ፣ በባንክ ይሁን በቴሌብር፣ ማስረጃ እንዲኖረው በዪ። ደግሞ ድርሻሽን የሚነካ ወረቀት ላይ ለማንም ብለሽ፣ ለነፍስ አባትም ቢሆን፣ እንዳትፈርሚ። ስምምነት ላይ ከደረሳችሁ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ።

አሁን ወደ ኪራይ። ትዕዛዙ እስኪወጣም ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ከእህትሽ ጋር ተዳምራችሁ ሁለት ክፍል መከራየቱ ለጊዜው የሚያዋጣ ይመስለኛል። ውሉ ላይ ያንቺም ስም ይግባ። ለፍርድ ቤት የምታቀርቢው የኪራይ ማስረጃ እሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ አዋጁ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ደላላ «የስድስት ወር ቅድሚያ» ሲልሽ ግን ሕጉ ያስቀመጠውን ልክ ማወቅሽ ለድርድር ይጠቅምሻል። «ባል የሌላት ሴት አናከራይም» የሚል አከራይ ይገጥምሽ ይሆናል። ከእሱ ጋር አትከራከሪ፣ እለፊው። ያለሽበት እድር የሚያውቅሽ ሰው ዋስ ሆኖ ቢያናግርልሽ ከደላላ ይሻላል፤ ቁጥብ ያለ ግቢም የሚገኘው በሰው በሰው ነው።

ከኪራዩ ዋጋ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂ። «ምጣድ ይቻላል?» ብዙ አከራይ አይፈቅድም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ የጋራ ቆጣሪ ላይ ሂሳቡም ይንራል፣ መስመሩም ይቃጠላል። ገብተሽ ካደርሽ በኋላ «እንጀራ መጋገር ክልክል ነው» ብትባዪ መተዳደሪያሽን ነው ያጣሽው። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ይነገር፣ ውሉ ላይም ይጻፍ፤ የመብራት ድርሻሽ ስንት እንደሆነ ጭምር። የራሱ ቆጣሪ ያለው ክፍል ትንሽ ቢወደድም ላንቺ ይሻልሻል።

ምጣዱን ማውጣት ትችያለሽ ወይ? ቁልፍ ሰብረሽ፣ እሱ በሌለበት፣ አይሆንም። ነገ «ዕቃ ዘርፋ ወጣች» ይባላል። መጀመሪያ በሽማግሌ በኩል ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ምጣድ ላይ ክርክር የሚያነሳ ወንድ የለም፤ እልህ ካልያዘው በቀር። እምቢ ካለ አቤቱታሽ ላይ አንድ መስመር አስጨምሪ፤ የምተዳደርበት የሥራ ዕቃ ስለሆነ ምጣዱ፣ ማቡኪያውና የእንጀራ ማቅረቢያዎቹ እንዲሰጡኝ ብለሽ። ከተፈቀደልሽ ሁለት ጎረቤት ይዘሽ ሂጂ፣ የወሰድሽውን በዝርዝር ጻፊ፣ ሁሉም ይፈርሙበት። ማቡኪያው ውስጥ የቀረው እርሾ በሁለት ወር ተበላሽቶ ይሆናል፤ እሱን ከእህትሽ ተበደሪ።